ጥይት የት ገባ? የ9 ሚሊና የ.22 ዋጋ፣ እጥረቱና መላው

የቡልጋው (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ) | ፌብሩዋሪ 2021

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ዒላማ ለመተኮስ የምትወጡ ሁሉ በየከተማችሁ ያያችሁትን እንድትጽፉ ነው ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት። በእኛ በኩል 50 ፍሬ የያዘች የ9 ሚሊ የሽጉጥ ጥይት ፓኮ የዛሬ ዓመት 10 ዶላር ግድም ነበረች። አሁን ከተገኘች 35 ነው፣ አንዳንዱ ሱቅ 40 ይላል። ለአንድ ሰው አንድ ፓኮ፤ እሱም ሱቁ ሳይከፈት በር ላይ ቆሞ ለጠበቀ ነው። የትንሿ የልምምድ ጥይት የ.22 ደግሞ የዋጋ ወረቀቱ ብቻ መደርደሪያው ላይ ተለጥፎ ቀርቷል። ጥይት የሚሸጡት እዚያው ለሚተኩስ ብቻ የሆኑ የተኩስ ሜዳዎችም አሉ፤ ይዞ መውጣት የለም።

ልጄን በ.22 ጠመንጃ ዒላማ ማስተማር ጀምሬ መሀል ላይ ቆመብኝ። ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። ጥይቱ በእውነት የት ገባ? መንግሥት ሰብስቦታል የሚል አለ፣ ፋብሪካዎቹ ሆን ብለው ይዘውታል የሚል አለ። ደግሞስ ይህ ጊዜ እስኪያልፍ እናንተ እንዴት እያደረጋችሁ ነው?

ዳላስ ላይ (ጋርላንድ፣ ቴክሳስ)

እዚህም ያው ነው ወንድሜ። እኔ በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም። በ2012 መጨረሻ ከሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት ጭፍጨፋ በኋላ የሆነውን አስታውሱ። .22 ከገበያ ጠፍቶ ዓመታት ፈጀ፤ በየትኛውም ጦርነት የማይተኮስ፣ ልጅ የሚማርበት ጥይት! አሁንም ምርጫ አለፈ፣ አዲስ መንግሥት ገባ፣ ጥይት ጠፋ። ሰው የሚጠራጠረው ያለ ምክንያት አይደለም።

አኖካ ሠፈር (ሚኒሶታ)

ዳላስ፣ የዚያን ጊዜውን ማንሳትህ ጥሩ ነው፤ እኔ ግን ከዚያ የምረዳው ሌላ ነው። ያኔ .22ን የጨረሰው ገዢው ራሱ ነው። ሕግ ይወጣል ብሎ የፈራ ሰው አንድ ፓኮ ይገዛ የነበረው አሥር ገዛ፤ ባዶ መደርደሪያ ያየው ደግሞ በተራው ባገኘ ጊዜ ሃያ ገዛ።

ፌደራል የሚባለው የጥይት ኩባንያ ፋብሪካ ያለው እዚህ እኛ ጋ አኖካ ነው። አልተዘጋም፣ ሌት ተቀን ይሠራል። የኩባንያው ፕሬዚዳንት ጄሰን ቫንደርብሪንክ ባለፈው ዲሴምበር ራሱ ቪዲዮ ላይ ቀርቦ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያልተላከ ትእዛዝ እንዳለባቸው ተናግሯል።

እስቲ ሂሳቡን አብረን እንሥራው። በ2019 ኤፍቢአይ ያደረገው የመሣሪያ ገዢ ማጣሪያ 28.4 ሚሊዮን ነበር። በ2020 ወደ 39.7 ሚሊዮን ዘለለ። የመሣሪያ ኢንዱስትሪው ማኅበር በግምቱ 8.4 ሚሊዮን ሰው በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ መሣሪያ ገዝቷል ይላል። እያንዳንዱ ሁለት ፓኮ ብቻ ቢገዛ 840 ሚሊዮን ፍሬ ነው፤ ይህ ቀድሞ ከምንገዛው ከእኔና ካንተ ፍጆታ በላይ የተጨመረ ነው።

በዚያ ላይ ሌላው አምራች ሬሚንግተን ጁላይ 2020 ላይ ከሰረ። አርካንሶ፣ ሎኖክ ያለው የጥይት ፋብሪካው በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ተዳከመ። የፌደራል ባለቤት ቪስታ አውትዶር በ81.4 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶት አሁን ሠራተኛ እየመለሰ ነው።

ታዲያ ለምን ሌላ ማሽን አይተክሉም? የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ጥይት ማለት ቀለህ (ቀፎው)፣ ባሩድ፣ አረር (ተተኩሶ የሚወጣው) እና ፕራይመር ነው። ማነቆው ፕራይመር ነው፤ ከቀለሁ ቂጥ ላይ የተቀበረችው፣ መርፌው ሲመታት እሳት የምትሰጠው ምስር የምታክል ነገር። በውስጧ ያለው ፈንጂ ስለሆነ ቅመሙን እርጥብ እያለ ነው የሚሞሉት፤ ከደረቀ በትንሽ ፍትጊያ ይነሳል። ሠራተኛው በዓመታት የሚሠለጥን ነው፣ ሕንፃውም የተለየ ነው። አሜሪካ ውስጥ በብዛት የሚሠሩት ሲሲአይ፣ ፌደራል፣ ዊንቸስተርና ሬሚንግተን ናቸው፤ ከአራቱ ሦስቱ ዛሬ በዚያው በቪስታ ሥር ናቸው። ፍላጎት ለሁለት ዓመት አብጦ ይበርዳል፤ ፋብሪካ ግን ለሁለት ዓመት ተብሎ አይሠራም። ባለቤቶቹ ከ2016 በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ የደረሰባቸውን አልረሱም።

ዳላስ ላይ

ማብራሪያህን አከብራለሁ። ስለ ፕራይመሩ የነገርከን አሳማኝ ነው። ሆኖም ሠራዊቱስ? ሚዙሪ ያለው ሌክ ሲቲ የመንግሥት ፋብሪካ አይደል?

አኖካ ሠፈር

ነው፤ ባለቤቱ ሠራዊቱ ነው፣ የሚያንቀሳቅሰው ግን ኩባንያ ነው። ከኦክቶበር 2020 ጀምሮ የዊንቸስተር ባለቤት ኦሊን ተረክቦታል። ከሠራዊቱ ትእዛዝ የተረፈው 5.56 የጠመንጃ ጥይት ለእኛ ገበያ ይወጣል። ስለዚህ ሌክ ሲቲ ለእኛ ምንጭም ነው። ለሽጉጥህ 9 ሚሊ መጥፋት ግን እሱን አትውቀሰው።

የአውሮራዋ (ኮሎራዶ)

እንደምን ናችሁ ወንድሞቼ። ከእነዚያ 8.4 ሚሊዮን ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ። በ2020 ጸደይ ገዛሁ፤ የሌሊት ፈረቃ እየሠራሁ ብቻዬን ነበር የምመለሰው። እንደኔ ያለ አዲስ ሰው ሲወቀስ ይሰማኛል፤ ጥይት የጨረሳችሁት እናንተ ናችሁ እየተባልን ነው። እኔ ጥይት የገዛሁት መሣሪያ በእጄ እያለ መተኮስ የማልችል ሰው ላለመሆን ነው። ተምሮ የማያውቅ ሰው ሽጉጥ ይዞ ከሚቀመጥ አሠልጣኝ ፊት ቆሞ 100 ፍሬ ቢተኩስ ለሁላችንም ይሻላል።

የከነከነኝ ሌላ ነው። በቴሌግራም የእኛው ሰዎች አንዷን ፍሬ 9 ሚሊ በ1 ዶላር እየሸጡ ነው። ጠዋት ተሰልፈው በሱቅ ዋጋ ይወስዱና ማታ ለወገናቸው ዋጋ ጨምረው ያቀርቡለታል። ይሄ ምን ይባላል?

ሸዋ ንግድ (ላስ ቬጋስ)

እህቴ፣ እንዲህ ከሚሸጡት ውስጥ ስላለሁበት ልመልስልሽ። በጠዋት ብርድ የምቆመው እኔ ነኝ፣ ቤንዚኑም የኔ ነው። አንቺ በሥራ ምክንያት መሰለፍ ካልቻልሽ እኔ ባልገዛው ኖሮ ከነጭራሹ አታገኚም ነበር። ዋጋውን ያወጣው ገበያው ነው፤ ድረ ገጽ ላይ 70 እና 80 ሳንቲም ሲሸጥ ማን ነውር አለው? በሕግም አልተከለከለም።

ባሻዬ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ልጆቼ፣ ሁላችሁንም እያነበብኩ ነበር። ሸዋ ንግድ፣ አንተ ሠርተህ የምታድር ሰው እንደሆንክ አልጠራጠርም። ግን እስቲ አስበው። እናቶቻችን ጨው ሲጠፋ ጎረቤት አንድ ስኒ ትበዳደር ነበር። የጠፋን ነገር ከመደርደሪያ ጠራርጎ ወስዶ መልሶ መሸጥ እጥረቱን ያባብሰዋል እንጂ አያቀልለውም። ያ ፓኮ ሱቁ ውስጥ ቢቆይ ከኋላህ የተሰለፈው ሰው በሱቁ ዋጋ ይወስደው ነበር።

በአገራችን ጥይት ራሱ ገንዘብ የነበረበት ዘመን አለ። ከአሞሌው ጎን አንዷ ፍሬ የውጅግራ ጥይት ገበያ ላይ ዕቃ ትገዛ ነበር። አባቶች ጥይት በከንቱ አይተኩሱም ነበር ሲባል ከዚህ ነው። ያ የጭንቅ ዘመን ነው፤ እዚህ ለመዝናናትና ለመማር የምንተኩስ ሰዎች ወደዚያ የምንመለስበት ምክንያት አይታየኝም።

ደግሞ አንድ ነገር አስተውል። ከፈቃድ ነፃ የሆነው ሁሉ ከተጠያቂነት ነፃ አይደለም። የሽጉጥ ጥይት ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ መሸጥ ለግለሰብም ክልክል ነው። መሣሪያ እንዳይዝ ለተከለከለ ሰው፣ እያወቅህ ወይም ለመጠርጠር በቂ ምክንያት እያለህ ከሸጥክ ደግሞ ወንጀል ነው። ካሊፎርኒያማ ከ2019 ጀምሮ ጥይት የሚገዛ ሰው ሁሉ ማጣሪያ ያልፋል፤ ቬጋስ ሆነህ ለሎስ አንጀለስ ሰው ብትሸጥ ጣጣው ያንተም ነው። በቴሌግራም የምታገኘውን ሰው ማንነት በምን ታውቃለህ?

ሸዋ ንግድ

ባሻዬ፣ ስለ ሕጉ የነገሩኝን በቁም ነገር ወስጃለሁ፤ አመሰግናለሁ። ለማላውቀው ሰው አልሸጥም። በዋጋው ላይ ግን አቋሜን አልቀየርኩም።

የቡልጋው

ባሻዬ ያለ ጥይት እንዴት ይለማመዱ እንደነበር አንድ ጊዜ አጫውተውኝ ነበር። እዚህ ቢጽፉልን?

ባሻዬ

በደስታ። እኛ በሠራዊት ስንሠለጥን እውነተኛ ጥይት የሚሰጠን ከብዙ ደረቅ ልምምድ በኋላ ነበር። ጠመንጃው ባዶ መሆኑ በሁለት ሰው ይረጋገጣል። ተኝተህ ታልማለህ፤ ጓደኛህ አፈሙዙ አጠገብ በርሜሉ ላይ ሳንቲም ያስቀምጣል። ቃታውን ስትስብ ሳንቲሟ ከወደቀች ነቅንቀሃል ማለት ነው፤ እንደገና። አለቃው የሚፈልገው ቃታው መቼ እንደሚለቅ አንተ ራስህ ሳታውቀው እንዲለቅ ነው። ትንፋሽህን ግማሽ አስወጥተህ ትይዛለህ፣ የፊት ማለሚያውን ጥርት አድርገህ ታያለህ፣ ዒላማው ትንሽ ቢደበዝዝም ግድ የለም።

ዛሬ በሽጉጥም ይሄው ነው የሚሠራው። የፊት ማለሚያው ላይ ባዶ ቀለህ አቁሙና ሳይወድቅ ቃታ ሳቡ። ጥይት ከነካዝናው ሌላ ክፍል ይቀመጥ፤ ጠንካራ ግድግዳ ላይ አልሙ፣ ከበስተጀርባው ሰው እንዳይኖር። የቡልጋው ልጅ ግን .22 ጠመንጃ ነው የያዘውና ከመጀመሩ በፊት መመሪያውን እዩለት። በብዙ የ.22 መሣሪያ ባዶውን ቃታ ሲሳብ መርፌው ጥይቱ የሚጎርስበትን ቦታ ጠርዝ እየመታ ይጎዳዋል።

ቀለህ ለቃሚ (ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ)

ባሻዬ እጅዎን ይባርከው። ብዙ ሰው በግል መልእክት ራሴ ልሙላ ወይ እያለ ስለሚጠይቀኝ እዚህ ልመልስ። እኔ ጥይት ቤቴ ስሞላ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሥራው ደስ ይላል። ከሜዳ የለቀምኩትን ቀለህ አጥቤ፣ በማንከባለያው አጽድቼ፣ የተተኮሰችውን ፕራይመር ገፍቼ አወጣለሁ። ቀለሁን ወደ ልኩ እመልሳለሁ፣ አዲስ ፕራይመር እተክላለሁ፣ ባሩድ መዝኜ እጨምራለሁ፣ አረሩን አስቀምጬ አፉን እጨብጣለሁ። እያንዳንዱን ቀለህ በመብራት ውስጡን ሳላይ አረር አላስቀምጥም። እጥፍ ባሩድ የገባበት ጥይት መሣሪያውን ያፈነዳል። ባሩድ ያልገባበት ደግሞ በፕራይመሯ ኃይል ብቻ አረሩን በርሜል ውስጥ ይወትፈዋል። ድምፁ ከወትሮው ካነሰባችሁ፣ ምቱም ከቀለለ፣ በቃ አቁሙ። የሚቀጥለው ተኩስ ነው እጅ የሚወስደው።

ግን አሁን ለመጀመር ጊዜው አይደለም። 1000 ፕራይመር 30 ዶላር አካባቢ የነበረው 100 እና ከዚያም በላይ ገብቷል። ማሽኑን ገዝታችሁ ባዶውን ታስቀምጡታላችሁ። ቀለህ ግን ልቀሙ፤ ሜዳው የሚፈቅድ ከሆነ።

ሌላ አደራ። በዚህ እጥረት በላስቲክ ከረጢት የታሸገ፣ ማን እንደሞላው የማይታወቅ ጥይት እየተሸጠ ነው። እንኳን በ70 ሳንቲም፣ በነፃም አትውሰዱ።

አዲስ ገቢ (ቦስተን)

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ያለ ጥያቄ ነው። እኔ በተማሪ ቪዛ ነው ያለሁት። የአጎቴ ልጅ የራሱ ጥይት ስላለው ሜዳ ሄደን እንተኩስ ብሎኛል። ችግር አለው?

ባሻዬ

ልጄ፣ ጠይቀህ መሄድህ ብልህነት ነው። አትሂድ። በፌደራል ሕግ በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው መሣሪያም ሆነ ጥይት መያዝ አይፈቀድለትም፤ ሕጋዊ የአደን ፈቃድ እንደ መያዝ ያለ ልዩ ሁኔታ ከሌለ በቀር። ሜዳ ላይ ተከራይቶ መተኮስም መያዝ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ግን እንደ ማንኛውም ገዢ ማጣሪያውን አልፎ ይገዛል። አንተ ጉዳይህን ከሚያውቅ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳታማክር ጥይት በእጅህ አትንካ። ለአንድ ቀን መዝናናት ብለህ ትምህርትህን አታበላሽ።

ዳላስ ላይ | ሴፕቴምበር 2021

ክሩን ላድሰው። 9 ሚሊ ወደ 40 ሳንቲም ወርዷል፣ ተመስገን። አሁን ደግሞ ለክላሽ ተኳሾች መጥፎ ዜና መጥቷል። ኦገስት 20 ላይ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በናቫልኒ መመረዝ ምክንያት በሩስያ ላይ አዲስ ማዕቀብ አውጥቷል። ከሴፕቴምበር 7 ጀምሮ የሩስያ ጥይት ለማስገባት አዲስ ፈቃድ አይሰጥም። ቱላ፣ ዎልፍ፣ ባርናውል፤ ቀለሁ ከብረት የሆነው ርካሹ 7.62 በ39 ሁሉ ማለት ነው። ቀድሞ 20 ሳንቲም ገደማ እንገዛው የነበረው ይብሱን ተወደደ።

አኖካ ሠፈር

ቀድሞ የተሰጠ ፈቃድ ጊዜው እስኪያልፍ ይሠራል፤ ስለዚህ መርከቡ ዛሬውኑ አይቆምም። ሰው ግን ዜናውን ሰምቶ ያለውን በሁለት ቀን ጠረገው። ዘንድሮም እንደገና ያየነው ይሄንኑ ነው። ዕቃው ሳያልቅ ፍርሃቱ ይጨርሰዋል። እባካችሁ በየወሩ የምትተኩሱትን ያህል ብቻ ግዙ፣ ከዚያ ላይ ትንሽ አስተርፉ። በርካሽ ጊዜ የሚጠራቀም ነው የሚጠቅመው።

ቀለህ ለቃሚ

ሩስያው ሲጠፋ በቆርቆሮ የታሸገውን የድሮ የሠራዊት ትርፍ ጥይት የምታዩ፣ ተጠንቅቃችሁ ግዙ። 440 ፍሬ የሚይዘው የ7.62 በ54 ቆርቆሮ ብዙው ፕራይመሩ ጨው የሚተው ዓይነት ነው። ተኩሳችሁ ስትመለሱ በርሜሉን በዚያው ቀን በፈላ ውኃ እጠቡና አድርቁ፣ ከዚያ ዘይት። ጨውን የሚያሟሟው ውኃ ነው፤ ዘይት ብቻ ቀብታችሁ ከተኛችሁ ዝገት ይጀምራል።

የደሴ ልጅ (አትላንታ) | 2023

ሰላም። 9 ሚሊ እንደገና 25 ሳንቲም አካባቢ ገብቷል፣ .22ም ይገኛል። እኔ የመጣሁት ለሌላ ጉዳይ ነው። አገር ቤት አባቴ የአያቴ ምንሽር አለው፤ ጥይቱ ከገበያ ጠፍቶበት ከአሜሪካ ላክልኝ ይለኛል። ሻንጣ ውስጥ ሁለት ፓኮ ብይዝ? አየር መንገዱ እስከ 5 ኪሎ ይፈቅዳል ሲሉ ሰምቼ ነው።

ባሻዬ

አይሆንም ልጄ! ያ 5 ኪሎ አየር መንገዱ የሚጭነው የክብደት ልክ ብቻ ነው እንጂ ከአገር የማውጣት ፈቃድ አይደለም፤ እሱም ለአየር መንገዱ ተነግሮ፣ በማሸጊያው ሆኖ። ለሌላ ሰው የሚሰጥ ጥይት ከአሜሪካ ያለ ፈቃድ ማውጣት የፌደራል ወንጀል ነው። ኢትዮጵያም ውስጥ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ ያለ ፈቃድ ማስገባት ያሳስራል። ለአባትህ በክብር አስረዳቸው። ምንሽሩንም እዚያው በሕጉ መሠረት ያስመዝግቡት፤ የአያትህ ቅርስ እንዲተርፍ ከፈለጉ መንገዱ እሱ ነው።

የደሴ ልጅ

እሺ ባሻዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬውኑ እደውልላቸዋለሁ።

አኖካ ሠፈር | 2024

አሁን ማነቆው ከፕራይመር ወደ ባሩድ ዞሯል። ቪስታ በዓለም ላይ የባሩድ እጥረት እየመጣ ነው ብሎ ከኤፕሪል 1 ጀምሮ ዋጋ ጨምሯል። ጭስ አልባ ባሩድ የሚሠራው ከናይትሮሴሉሎስ ነው፤ እሱ ደግሞ ከጥጥ ፍሬ ላይ ከሚቀረው አጭር ጭረት። የዩክሬን ጦርነት 155 ሚሊ የመድፍ ጥይት በገፍ እየበላ ስለሆነ አውሮፓም አሜሪካም ያንኑ ግብአት ይሻማሉ፤ ጭረቱ ደግሞ በብዛት የሚመጣው ከቻይና ነው። ለመድፍ ጥይት የሚሄደው ኪሎ ለእኛ አይደርስም። ቤታቸው የሚሞሉ ሰዎች ቀድመው የሚሰማቸው ለዚህ ነው።

ደግሞ ለምታውቁት ያህል፣ ፌደራል፣ ሲሲአይ፣ ስፒርና ሬሚንግተን ጥይት ኖቬምበር ላይ ለቼኩ ሲኤስጂ ኩባንያ ተሸጠዋል፤ 2.2 ቢሊዮን ዶላር ግድም።

ቀለህ ለቃሚ

እውነት ነው። የምወደው የአሊያንት ባሩድ ሱቅ ከገባ ወራት ሆነው። አዲስ የምትጀምሩ ሰዎች፣ በአንድ ዓይነት ባሩድ ላይ አትንጠልጠሉ፤ የመሙያ መጽሐፉ ለአረራችሁ ክብደት ከሚፈቅደው ውስጥ ሁለት ሦስት ዓይነት ለዩ። ያልተጻፈ ልክ ግን ከራሳችሁ አትፍጠሩ።

የአውሮራዋ

እኔ አሁን ሴቶችን አሠለጥናለሁ። አንዲት ጀማሪ ሳመጣ መጀመሪያ ቤት ውስጥ ባሻዬ ያስተማሩንን ደረቅ ልምምድ ነው የማሠራት። ሜዳ ስንወጣ በ.22 ሽጉጥ እንጀምራለን፣ መጨረሻ ላይ ብቻ 9 ሚሊ እንነካለን። አምስት አምስት ጥይት ብቻ ካዝና ውስጥ እናስገባለን፤ በየአምስቱ ወረቀቱን አይተን እንነጋገራለን። 50 ፍሬ የማትሞላ ፓኮ ይዛ ገብታ በደንብ ተምራ ትወጣለች። ርቃችሁ ያላችሁ ሰዎች፣ የክፍለ ግዛታችሁን የዱር አራዊት መሥሪያ ቤት ሜዳዎች ፈልጉ። አምራቹ በሚሸጠው ጥይት ላይ 11 በመቶ የፌደራል ታክስ አለ፤ ከዚያ ገንዘብ የተሠሩ ሜዳዎች በየቦታው አሉ፣ ክፍያቸውም ትንሽ ነው። ከፍለንበታልና እንጠቀምበት።

የቡልጋው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ልጄ አሁን ከእኔ በላይ ነው የሚመታው።

ዋጋው እንዳለ ሳይነሳ አንድ ነገር እናድርግ። 1000 ፍሬ 9 ሚሊ በካርቶን ሲገዛ በፓኮ ከሚገዛው ይረክሳል፤ ጥይት በመሬት ትራንስፖርት ብቻ ስለሚላክ ማጓጓዣው ግን ብቻውን ለገዛ ሰው ይከብዳል። አሌክሳንድሪያና ስፕሪንግፊልድ ያላችሁ አራት ሆነን እንግዛ፣ በገዛንበት ዋጋ እንካፈል፣ ትርፍ የለም። 21 ዓመት የሞላችሁና ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ያላችሁ ብቻ። እስከ ዓርብ በግል መልእክት ጻፉልኝ።

ጎርጎራ (ስፕሪንግፊልድ፣ ቨርጂኒያ)

እኔን ያዘኝ፣ 250 ፍሬ። ካርቶኑ ሲመጣ መኪና ሻንጣ ወይም ኮርኒስ ላይ አታስቀምጠው፤ የበጋው ሙቀት ያበላሸዋል። ምድር ቤቴ ደረቅ ነው፣ የሚቆለፍ ሣጥንም አለኝ።

ባሻዬ

ወንዙን ተሻግሬ እኔም እመጣለሁ፤ 100 ይበቃኛል። የቀረውን 150 ለልጅህ ስጥልኝ፣ ሂሳቡን እኔ እዘጋለሁ።